ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ?

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ሲባል ያልሰማ የለም። እኔም ፖለቲካል ሳይንስና የሕዝብ አስተዳደር ልማር ነው ስል ራቤል ካሉት ዘመዶቼ የሰማሁት ይህችኑ ነው። ቀይ ሽብርን ያየ ትውልድ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ትምህርቱ ግን በአብዛኛው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ማን ይወስናል? በማን ገንዘብ? ቢያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል በጀት ተቀብለው ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደርጓል። ችግሩ አብዛኛው ብር ለደመወዝ ያልቃል፤ ለሥራ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ታዲያ የግሼ ራቤል ወረዳ ምክር ቤት ያቺን ትንሽ ብር ለመንገድ ላድርጋት ወይስ ለጤና ጣቢያ ሲል፣ እሱም ፖለቲካ ነው። ብንሸሸውም ውሳኔው ቤታችን ይመጣል።

ዲግሪው ብቻውን ሥራ አያስይዝም፤ እሱን አልዋሽም። ግን በጀት ማንበብና «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ያስተምራል። ኮረንቲንም ቢሆን የምንፈራው ስለማናውቀው ነው። መብራት ሲጠፋ የምንጠራው ሽቦውን ለይቶ የሚያውቀውን ሰው አይደል?