ከደጋፊነት ወደ ስፖርት ጸሐፊነት

ስፖርት የሚወድ ብዙ ነው፤ ያየውን በጥንቃቄ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ስለ ስፖርት ለመጻፍ የግድ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1950 ብራስልስ ላይ 11 የአትሌቲክስ አፍቃሪዎች ተሰባስበው የአትሌቲክስ ስታቲስቲክስ ማኅበር መሠረቱ። ከየአገሩ የሰበሰቡትን ውጤት እያመሳከሩ በየዓመቱ በመጽሐፍ ያወጡ ጀመር።

እንዲህ ያለው ሥራ ጥቅሙ ምንድን ነው? ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንይ። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶን ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ የወጣው ግን የጅቡቲው አሕመድ ሳላህ ነበር፤ ሰዓቱም 2:07:07። የቀድሞው ክብረ ወሰን 2:07:12 ስለነበር እርሱም ያንን አሻሽሏል። ከወራት በኋላ በተካሄደው የሴኡል ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም፤ በላይነህም አልሮጠም። አሕመድ ሳላህ ግን በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ ወስዶ ለጅቡቲ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አስገኘ። አሸናፊውን ብቻ የመዘገበ ሰው የዚህን ታሪክ ግማሽ ያጣዋል።

ለመጀመር አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። በዕለቱ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጋጣሚዎቹን ስም፣ ውጤቱን፣ ጎል ያገባውን ተጫዋችና ደቂቃውን ጻፉ። “በኋላ አስታውሰዋለሁ” ማለት ያሳስታል።

ጅቡቲ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቀን በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ላይ አፕሪል 17 ቀን 1988 ተብሎ ይገኛል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ እኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት የምንለው ለጎረቤታችን 22 ሰዓት ነው። ስለዚህ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ግለጹ። ሁለተኛው ስም ነው። የአንድ ተጫዋች ስም በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛና በሶማሊኛ የተለያየ መልክ ሊኖረው ስለሚችል ባለቤቱን ጠይቃችሁ አንዱን አጻጻፍ ያዙ።

ቡድናችሁን መውደዳችሁ ነውር አይደለም። ነገር ግን ያያችሁትንና የሚሰማችሁን ለዩ። “ዳኛው በ70ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ” መረጃ ነው፤ “ዳኛው አደላብን” አስተያየት ነው። አንባቢ ሁለቱን ለይቶ እንዲያውቅ አስተያየታችሁን በስማችሁ ጻፉ። ጓደኛችሁ ጎል ሲስትም እንደሌላው ሁሉ መዝግቡት፤ ተጋጣሚ የሚያምናችሁ ያኔ ነው። የተሳሳተ ነገር ከተገኘም ሳትደብቁ አርሙት።

የአውሮፓን ሊጎች የሚመዘግብ አይጠፋም። በትምህርት ቤታችን ግቢ ክፍል ከክፍል ሲጋጠም ማን እንዳሸነፈ ግን እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፈውም። ያ ጎል ያገባ ተማሪ ነገ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል፤ ጨዋታውም አብሮት ይረሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ግጥሚያ ሁለት ተማሪዎች ለየብቻ ይመዝግቡና በመጨረሻ ያስተያዩ። ልዩነት ካለ ከመበተናቸው በፊት ተጫዋቾቹን ይጠይቁ። የስፖርት ጸሐፊነት አሀዱ የሚባለው በዚህ ነው።