ተመሳሳይ ሞለኪውሎች በትክክል መለየታቸው እንዴት ይለካል?

ከስቶክሆልም መሀል ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው ሶልና፣ የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ፈታኝ ሥራ ገጥሟቸው ነበር። ሱነ በርይስትሮምና ያን ሾቫል በ1957 ከበግ ዕጢ አጣርተው በክሪስታል መልክ ያገኟቸው ፕሮስታግላንዲኖች እርስ በርስ እጅግ የሚመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። ኢ1 እና ኢ2 የተባሉት፣ ለምሳሌ፣ የሚለያዩት በሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ ነው።

መፍትሔው ክሮማቶግራፊ ነበር። ድብልቁ በፈሳሽ ወይም በጋዝ ተወስዶ በአንድ ቋሚ ቁስ ላይ ሲያልፍ፣ ቁሱ አንዱን ሞለኪውል አጥብቆ ሌላውን ላላ አድርጎ ስለሚይዝ ሁለቱ በተለያየ ጊዜ ይደርሳሉ። በርይስትሮምን የተከተለው ቤንግት ሳሙኤልሶንና ባልደረባው በ1964 ብር ናይትሬት የተቀላቀለበት ስስ ንጣፍ ተጠቀሙ፤ ብሩ ድርብ ቦንድ የበዛበትን ሞለኪውል ይዞ ያዘገየዋል። ሁለቱ ስዊድናውያን ከእንግሊዛዊው ጆን ቬን ጋር በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ይሁንና «ተለያዩ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምን ያህል? ዛሬ መሣሪያው እያንዳንዱን ንጥረ ነገር እንደ ጉብታ ይስለዋል። የመለየት መጠኑ የሚገኘው በሁለቱ ጉብታዎች ጫፍ መካከል ያለውን የጊዜ ርቀት ለአማካይ የሥር ስፋታቸው በማካፈል ነው። አንዱ በ5.0፣ ሌላው በ6.2 ደቂቃ ቢደርስና እያንዳንዱ 0.8 ደቂቃ ቢሰፋ ውጤቱ 1.5 ይሆናል፤ ጉብታዎቹ እስከ ሥራቸው ተለያይተዋል ማለት ነው። በዚያው ርቀት ስፋታቸው 1.2 ቢሆን ግን ውጤቱ 1 ይሆናል። ርቀቱን ብቻ የሚያይ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

1 የሚለው ቁጥር መጥፎ አይመስልም፤ እኩል ከሆኑ ጉብታዎች ከእያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ የሚፈሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና። ነገር ግን ጎረቤቱ ከዋናው 1 በመቶ ብቻ የሆነ ቅንጣት ከሆነ፣ የትልቁ ጅራት ብቻውን ከእርሱ ይበልጣል፤ ትንሹ ይሰወራል። ቱቦውን በእጥፍ ማስረዘም ደግሞ ጊዜውን ሲያጥፍ መለያየቱን የሚያሻሽለው 1.4 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የቱቦውን መሙያ ወይም ፈሳሹን መለወጥ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ብልሃት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ሚሶፕሮስቶል የፕሮስታግላንዲን ኢ1 ሰው ሠራሽ አምሳያ ሲሆን፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን የደም መፍሰስ ለመከላከል ያገለግላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ለዚሁ ዓላማ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶታል። በአንድ ክኒን ውስጥ ያለው 200 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ እርጥበትና ሙቀትም ያበላሹታል። ሲበላሽ አንድ የውኃ ሞለኪውል ያጣና ወደ ሌላ ውሕድ ይለወጣል። የብልሽቱ ውጤት ከመድኃኒቱ ጉብታ ሥር ከተደበቀ መሣሪያው ሁለቱን ደምሮ ያነብባል፤ የደከመ ክኒንም ሙሉ ኃይል ያለው ሆኖ ይመዘገባል። እናቲቱ ግን ደም እየፈሰሳት ነው።

ለዚህም ነው ጥራት መርማሪዎች ክኒኑን ከመለካታቸው በፊት መድኃኒቱና የብልሽት ውጤቶቹ አብረው ያሉበትን ናሙና በመሣሪያው የሚያሳልፉት። ጉብታዎቹ በሚፈለገው መጠን ካልተለያዩ የዕለቱ ምርመራ አይጀመርም።