ድልድዩ በአዲስ ሲተካ የጉድጓዱን ውሃ ማን ይጠብቀው?

አሮጌ ድልድይ ፈርሶ አዲስ ሲሠራ የማይደሰት የለም። መኪናው ያለ ሥጋት ያልፋል፤ ምጥ የያዛት እናት በጊዜ ሐኪም ቤት ትደርሳለች፤ ገበያውም ይደራል። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ ድልድይ የሚሠራው በውሃ ላይ ነው። ስለሆነም ስለ መንገዱ የምናስበውን ያህል ከሥሩ ስለሚያልፈው ወንዝና በአጠገቡ ስላሉት ጉድጓዶችም ማሰብ ይገባናል። ከዚያ የሚቀዳው ውሃ የሕፃናት መጠጥ ነውና።

ለምሳሌ የአዊን ዞን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ያልፋል። አገሩ ምንጭና ወንዝ የበዛበት ነው። በዳንግላ አካባቢ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው የሚወርደውም በክረምት ነው። በገጠሩ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድና ከምንጭ ነው። ይህ የከርሰ ምድር ውሃ ከምድር ገጽ ብዙ ሳይርቅ የተጠራቀመ በመሆኑ ለመቅዳት አያስቸግርም፤ በዚያው ምክንያት ግን ለመበከልም ቅርብ ነው።

ጉዳዩ የዳንግላ ብቻ አይደለም። የቅልቲ ወንዝ ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር፣ ከ60 ዓመት በላይ ካገለገለው አሮጌ ድልድይ አጠገብ ተሠርቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ባለው ድልድይ ሥር ያልፋል። በላይኛው አገር ወንዝ ውስጥ የተጣለ ነገር ለታችኛው አገር ይተርፋል ማለት ነው።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ከአፈሩ ነው። የወንዙ ዳር ሲቆፈር ውሃው ይደፈርሳል። በደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን ቢጨመር ጀርሞች ከጭቃው ቅንጣት ጋር ስለሚደበቁ መድኃኒቱ በሚገባ አይሠራም። ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። የኮንክሪት ማቡኪያ የታጠበበት ውሃ እንደ ኖራ የሚያቃጥል ስለሆነ ቆዳን ይልጣል፤ ወንዝ ውስጥ ከገባም ዓሣ ይገድላል። ሦስተኛው ከመኪናና ከመቆፈሪያ መሣሪያ የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ነው፤ ቀስ እያለ ወደ መሬት ሰርጎ ጉድጓድ ውስጥ ይደርሳል። ከዚህም በላይ ለድልድዩ መሠረት በተቆፈረው ጉድጓድ የሚሞላው ውሃ በፓምፕ ሲወጣ በአቅራቢያው ያሉ የመጠጥ ጉድጓዶች ሊጎድሉ ይችላሉ።

እዚህ ላይ እናቶች በብርቱ ልትገነዘቡት የሚገባ ነገር አለ። ውሃን ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ናፍጣንና ሲሚንቶን ግን አያስወግድም። የናፍጣ ሽታ ያለው ወይም በላዩ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት የሚታይበት ውሃ ቢፈላም ለልጅ አይሰጥም። ስለዚህ መፍትሔው ያለው በሥራው ቦታ እንጂ በማጀት አይደለም።

በወንዙ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ የሚመረጥለት ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው በጋ ነው፤ በክረምት ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋልና። ይሁን እንጂ የጉድጓዶች ውሃ የሚጎድለውና ሴቶች ወደ ወንዙ ለመውረድ የሚገደዱት በዚሁ ወቅት ነው። ለሥራው የተመቸው ወራት ለእንስራ ተሸካሚዋ የከፋ ነው። በመሆኑም ሥራው ሲታቀድ ለዚያ ጊዜ የሚሆን ሌላ የመጠጥ ውሃ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ምን እንጠይቅ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይፈቅዳል። እንግዲህ መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም። በቀበሌው ስብሰባ ላይ እነዚህን ይጠይቁ፦

— ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያው ያሉ ጉድጓዶችና ምንጮች ውሃ ተመርምሮ ተመዝግቧልን?

— የኮንክሪት ማጠቢያው ውሃ የሚጠራቀመው ወደ መሬት በማያሰርግ ጉድጓድ ውስጥ ነውን?

— ነዳጅ የሚቀዳው ከወንዙ ርቆ ነውን? የፈሰሰውስ በምን ይጠረጋል?

— የሠራተኞቹ መጸዳጃ ቤት ከመጠጥ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃልን?

ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ውሃው አስቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ካልተጻፈ፣ በኋላ «ተበላሸ» ብለው ቢናገሩ ማስረጃ አይኖርዎትም።

ምዝገባ የሊቃውንት ሥራ ብቻ ነው የሚል ካለ ዳንግላን ይመልከት። በወረዳው በዳንግሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የመንደሩ ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና በጉድጓዶች ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ እየለኩ መዝግበዋል። ከእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም መረጃው የሚታመን ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። የገበሬ እጅ ይህን ከሠራ በሰፈር የተደራጁ እናቶችም አይሳናቸውም። ለጉድጓዱ ልክ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበትና በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይበቃል፤ ለጥራቱ ደግሞ ቀለሙን፣ ሽታውንና ቀኑን በደብተር መጻፍ ነው።

እርስዎ በከተማ የቧንቧ ውሃ የሚጠጡ ቢሆኑም ነገሩ ይመለከትዎታል፤ የቧንቧውም ውሃ ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ የሚመጣ ነውና። በሰፈርዎ ድልድይ ሊሠራ ነው ሲባል ከሰሙ ደብተሩን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ለውጥ ባዩ ጊዜም ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውን ግልባጭም ቤትዎ ያስቀምጡ።