«ሥራችንን ወሰዱብን» ሲባል እውነት ነው?

እስቲ በጥቅምት ወር ወደ መተማ እንውረድ። ሰሊጡ ደርሷል። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በአብዛኛው በእጅ፣ ታጭዶ ማለቅ አለበት። የአካባቢው ነዋሪ ብቻውን አይችለውም። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ ወጣት ለሸቀላ ወደ ቆላ የሚወርደው። ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚዘልቅም አለ።

በሌላ በኩል፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ሰው በገባበት ሁሉ ታዲያ ያው ክርክር ይነሣል፦ እንግዳው የነዋሪውን ሥራ ይወስዳል?

ብዙዎቻችን ሥራን እንደ አንድ እንጀራ እናስበዋለን። የሚበላው ሰው ሲበዛ የእኔ ድርሻ ያንሳል አይደል? የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ግን ይህ ስሌት የተሳሳተ ነው ይላሉ፤ የሥራው መጠን እንደ እንጀራው የተወሰነ አይደለም። የመጣው ሠራተኛ ራሱ ይበላል፣ ጫማ ይገዛል፣ ለማደሪያ ይከፍላል። ያጨደው ሰሊጥ ደግሞ ለጫኙ፣ ለአይሱዙው ሹፌርና ለነጋዴው ሥራ ይፈጥራል። ሰሊጡ ማሳ ላይ ከረገፈ ግን ሁሉም ይከስራል።

ይህ ማለት ግን የሚጎዳ የለም ማለት አይደለም። መቶ ሰው በሚፈለግበት ማሳ ሁለት መቶ ቢመጣ የዚያ ቀን የጉልበት ዋጋ ይወርዳል። ባለ እርሻው ይጠቀማል፤ ከደጋ የወረደው ልጅ ይጎዳል። የቤት ኪራይም ሊወደድ ይችላል።

ይህንኑ ክርክር ድምፅ ሰጥታ ለመቁረጥ የሞከረች አገር አለች፤ ብሪታንያ። እ.ኤ.አ. በ2016 ድምፅ ከሰጡት 52 በመቶው «ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ» አሉ። ከዋና ምክንያቶቻቸው አንዱ የውጭ ሰው መብዛት ነበር። አገሪቱ በ2020 ወጣች፤ የአውሮፓ ሠራተኞችም እንደ ልብ መግባታቸው ቀረ። እንጆሪው ግን እንደ መተማ ሰሊጥ ለቃሚ ይፈልጋል። መንግሥት በ2019 ለ2,500 ሰው የጀመረውን የወቅት ሠራተኞች ቪዛ በ2023 ከ40,000 በላይ አደረሰው። ለቃሚዎቹ አሁን እንደ ኪርጊስታን ካሉ ሩቅ አገሮች ጭምር ይመጣሉ።

ንግዱስ? ቀረጥ ባይጣልም የጉምሩክ ወረቀትና ፍተሻ በዛ። የብሪታንያ የበጀት ጉዳዮች ገምጋሚ መሥሪያ ቤት የአገሪቱ ምርታማነት በረጅም ጊዜ፣ በኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ከሚኖረው በ4 በመቶ ገደማ ያንሳል ብሎ ገምቷል። ልብ በሉ፣ ይህ ግምት ነው። ያልወጣችውን ብሪታንያ ማንም አይቷት አያውቅም፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ ኮሮና ገብቷል። ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

እንግዲህ «ሥራችንን ወሰዱብን» ወይም «የሚጎዳ ማንም የለም» የሚል ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ተጠቀመ? ማን ተጎዳ? ሰዎቹ ባይመጡ ኖሮስ ሥራውን ማን ይሠራው ነበር? መተማ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ መልሱን ለማግኘት ብዙ ቀን አይጠብቅም፤ ሰሊጡ ይረግፋል።