ከውጭ ሰማያዊ፣ ከውስጥ ሙሽራ

ባጃጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም አንድ ነው። ሦስት ጎማ፣ እንደ ሞተር ብስክሌት በሁለት እጅ የሚያዝ መሪ፣ ከኋላ ወንበር ሥር የተሸጎጠ 200 ሲሲ ገደማ የሆነ ባለ አንድ ፒስተን ሞተር፣ ከላይ ሸራ። በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ቀለሙም አንድ ነው፤ ሰማያዊ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሐይቅ፣ ወይም ከዚያ አለፍ ብሎ በአምባሰሏ ውጫሌ ተራ ይዘው የቆሙ ባጃጆችን ከሩቅ ያየ ሰው፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ታርጋ ማንበብ ይኖርበታል። ጠጋ ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል።

የአንዱ ወንበር ቀይና ጥቁር ሌዘር ለብሷል። የሌላው ጣሪያ ከውስጥ አበባማ ጨርቅ ተወጥሮበታል፤ ከፊት መስታወቱ በላይም ዘርፍ ይወዛወዛል። አንዱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከጎኑ በቆመው ላይ «ማሻአላህ» ተለጥፏል፤ ሦስተኛው የአርሰናልን ዓርማ መርጧል።

ጌጡ ወደ ውስጥ የገባው በምክንያት ነው። የውጭው ቀለም የሥራ ምልክት ነው፤ መንገደኛም ትራፊክ ፖሊስም ባጃጁን የሚያውቁት በእሱ ነው። ባለንብረቱ ሐምራዊ ላድርገው ቢል አያዋጣውም። እንዳሻው የሚያዝበት በአብዛኛው ከሸራው በታች ያለው ነው፤ ደንበኛውም የሚቀመጠው እዚያው ነው።

የማሽኑ ዘር ጣሊያናዊ ነው። ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ፣ ጦርነት ላደቀቃት ጣሊያን «አፔ» የተባለውን ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ አበጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ ላይ ዋለ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለመሥራት ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ፣ ከአፔ አምራች ከፒያጆ ጋር ተባበረ። ስሟን ለ1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ውል የሰጠችው ውጫሌ፣ ዛሬ ከገበያ ወደ ቤት የምትመለሰው በዚህ የጣሊያን የልጅ ልጅ ነው። በሾፌሩና በተሳፋሪው ውል የሚያጨቃጭቀው አንቀጽ ታሪፍ ብቻ ነው።

ወንበሩን የሚያለብሰው ሶፋ ሰፊ ነው። የፋብሪካውን ልብስ ይገፍፋል፤ የረገበውን ስፖንጅ አውጥቶ ጠንከር ያለ ይተካል። ከዚያ ሌዘሩን በልኩ ቆርጦ፣ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ደርቦ፣ መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን ቀጥሎም ወደ ሌላው ጎን በሰያፍ በማሽን ይሰፋዋል። ስፌቱ በተሻገረበት ስፖንጁ ይጎደጉዳል፤ በመሃሉ ያብጣል። መስመሩ አንድ ቦታ ከዘመመ ወንበሩ በሙሉ የተጣመመ ይመስላል፤ ስለዚህ ጥሩ ሰፊ አስቀድሞ በጠመኔ ያሰምራል።

ከወንበሩ ይልቅ ሥራ የሚፈጀው ግን መያዣው ነው። ባጃጅ እንደ መኪና የሚከፈት የበር እጀታ የለውም፤ ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ሲገባ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ብረት ጨብጦ ራሱን ይስባል። ሁሉም እጅ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና ቀለሙ ቶሎ ይላጣል፤ ብረቱ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ይግላል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ እንደገና መቀባት፣ ወይም ስፖንጅ ጠቅልሎ ሌዘር ማልበስ። የሚለብስ ከሆነ መጋጠሚያው ጣት በማይደርስበት በኩል በእጅ መርፌ ይሰፋል፤ ወደ ጨባጩ እጅ ከዞረ ክሩ ቶሎ ይተረተራል።

የመስታወት ቅርጽም አለ፤ የመጣው ግን ከውበት በፊት በሌባ ምክንያት ነው። ስፖኪዮና መብራት መሰረቅ ያማረራቸው ባለመኪኖች የታርጋ ቁጥራቸውን መስታወቱ ላይ ያስቀርጻሉ፤ የሰው ታርጋ የተቀረጸበት ዕቃ ገዢ አያገኝምና።

ወሎ መጓጓዣውን ማስጌጥ ከባጃጅ አልተማረም። ከዚያ በፊት የፈረስ ግላስ፣ ያሸበረቀ ኮርቻና ልጓም ነበር፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ያኔ ፈረሱ ለጌታው ስም ይሰጥ ነበር፤ አሁን ሾፌሩ ለባጃጁ ስም አውጥቶ ከኋላ ይለጥፍለታል። ሥዕልም ለሐይቅ እንግዳ አይደለም። በሐይቁ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም የ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ሥዕል ወንጌል፣ የአባ ኢየሱስ ሞአን ወንጌል፣ የያዘ ነው። ባጃጅ ውስጥ የሚታዩት ቅዱሳን በአንጻሩ ማተሚያ ቤት ያወጣቸው ናቸው። ጽሑፉንም ከብሩሽ ወደ ስቲከር መቁረጫ ማሽን ያሻገሩት ብዙ ናቸው፤ ፊደሉ ጠርቷል፣ የጸሐፊው እጅ ግን ጠፍቷል።

ተሽከርካሪን ማስጌጥ በባጃጅ አያበቃም፤ የውድድር መኪና ያስጌጠች የአዲስ አበባ ተወላጅም አለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ የቢ ኤም ደብሊው 20ኛውን የጥበብ መኪና ሠርታለች። አሌክሳንደር ካልደር እ.ኤ.አ. በ1975 በጀመረው በዚህ ረድፍ፣ በ1991 የደቡብ አፍሪካዋ ኤስተር ማህላንጉ የንዴቤሌን ንድፍ አሳርፋበት ነበር። የጁሊ መኪና፣ ኤም ሃይብሪድ ቪ8፣ ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪሱ ፖምፒዱ ማዕከል ታየ፤ ሰኔ 8 እና 9 ደግሞ በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ተሰለፈ። ቀለሙ በብሩሽ የተቀባ አይደለም። «ኤቭሪዌን» ከተሰኘው ሥዕሏ የተነሣው ንድፍ በኮምፒዩተር ከመኪናው ቅርጽ ጋር ተዋህዶ፣ በስስ ፕላስቲክ ወጥቶ አካሉ ላይ ተለጠፈ። በአጭሩ ስቲከር ነው፤ አየር እንዳይቋጥር ከመሃል ወደ ዳር እየጠረጉ መለጠፍን ደግሞ የሐይቅ ልጆችም ይችሉበታል። ልዩነቱ ያ መኪና ከሾፌሩ በቀር ማንንም የማይጭን መሆኑ ነው። ጌጡ ሁሉ ለተመልካች ነው፤ የባጃጁ ግን ለተሳፋሪ።

ሁሉም ጌጥ ግን የሚመሰገን አይደለም። የፊት መስታወቱን ግማሽ የሸፈነ ስቲከር እግረኛን ይደብቃል፤ ተጨማሪ መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። አምባሰል ስሙን ለአንዱ ቅኝት ያበረከተ አገር ነውና ስፒከር መኖሩ አይገርምም፤ የሚገርመው ከወንበሩ ጀርባ የሚገባው ስፒከር ስፋት ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነገር የየሾፌሩ ወሬ ሆኗል፤ የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግሮችም ገበያ ላይ አሉ። ሶፋ ሰፊው ብዙም የሚለወጥበት ነገር የለም። መብራትና ስፒከር ለሚገጥመው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በቤንዚኑ ባጃጅ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ይሞላል፤ በኤሌክትሪኩ እያንዳንዱ አምፖል የሚበላው ተሽከርካሪው የሚጓዝበትን ኃይል ነው። ስለዚህ ገጣሚው ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ባለቤቱ በቀን ስንት ዙር እንደሚሠራ መጠየቅ ይኖርበታል።