ድንኳኑን ጭኖ የሚዞር ንግድ

ማውን በሰሜን ቦትስዋና፣ የካላሃሪ አሸዋ ከኦካቫንጎ ረግረግ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1915 የባታዋና ሕዝብ መናገሻ ሆና ተመሠረተች፤ ዛሬ እንጀራዋ ከቱሪስት ነው። ከአየር ማረፊያዋ የሚነሱት ትንንሽ አውሮፕላኖች እንግዶችን ይዘው በረግረጉ ውስጥ ወዳሉት ውድ ሎጆች ይበራሉ። ለእነዚህ እንግዶች ማውን አውሮፕላን የሚቀይሩባት ጣቢያ ናት። ከአየር ማረፊያው ወጣ ባሉት ሰፈሮች ደግሞ በየግቢው አንድ ወይም ሁለት ላንድክሩዘር፣ አንድ ተጎታች፣ ፀሐይ ላይ የተሰጡ ድንኳኖችና የጋዝ ሲሊንደሮች ይታያሉ። እዚህ የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ሳፋሪ የሚባለው ንግድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚያካሂደውም ቤተሰብ ነው።

ተንቀሳቃሽ ሳፋሪ ቋሚ ማረፊያ የለውም። ድንኳኑን፣ አልጋውን፣ ወጥ ቤቱንና መጸዳጃውን ጭኖ ከሞሬሚ ወደ ኽዋይ፣ ከኽዋይ ወደ ሳቩቲ፣ ከዚያም ወደ ቾቤ ወንዝ ይጓዛል። የጉዞው መጨረሻ ብዙውን ጊዜ ካሳኔ ከተማ ወይም ድንበር ተሻግሮ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ነው። በረከሰው ዓይነት እንግዳው ድንኳኑን ራሱ ይተክላል፣ ሳህኑንም ያጥባል። በተወደደው ዓይነት ግን እንግዳው እጁን ታጥቦ ከመቅረብ በቀር ሥራ የለውም፤ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ በተንጠለጠለ ባልዲ የሚቀርብ ሙቅ ሻወርና ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ እራት ይጠብቀዋል። ሁለቱም በአንድ መንገድ ያልፋሉ፣ የሚያዩትም ያንኑ አንበሳ ነው።

ይህ ንግድ በትንንሽ ነጋዴዎች እጅ የቆየው ሕግ ስለሚጠብቀው ነው። ቦትስዋና በ1990 ባወጣችው የቱሪዝም ፖሊሲ ጥቂት እንግዳ ተቀብላ ከእያንዳንዱ ብዙ ገቢ ማግኘትን መረጠች። ፖሊሲው ዱሩን ከመጨናነቅ አድኖታል፤ ሆኖም ውድ ሎጅ መገንባት ብዙ ካፒታል ይጠይቃል፣ ካፒታሉም በአብዛኛው የመጣው ከውጭ ነው። በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ የቱሪዝም ተመራማሪ የሆኑት ጆሴፍ ምባይዋ በኦካቫንጎ ላይ ባደረጉት ጥናት ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ሎጆቹ ከአካባቢው ኢኮኖሚ ጋር ያላቸው ትስስር የላላ ነው፣ ትርፉም በብዛት ከአገር ይወጣል። በአንጻሩ ተንቀሳቃሽ ሳፋሪ፣ የሞኮሮ ጀልባ፣ የእንግዳ ማረፊያ ቤትና የካምፕ ቦታ በቱሪዝም ደንቡ ለዜጎች የተከለሉ የሥራ ዘርፎች ናቸው። እኔ በበኩሌ ከፖሊሲው ሁሉ ትልቁን ጥቅም ያመጣው ይህ አንቀጽ ነው ባይ ነኝ። ሎጅ ለመሥራት ሚሊዮኖች ያስፈልጋሉ፤ መኪና፣ ድንኳንና የአስጎብኚነት ፈቃድ ያለው ሰው ግን በገዛ ግቢው ሥራ መጀመር ይችላል።

መሬቱም ቢሆን ታሪክ አለው። የሞሬሚ ጥብቅ ስፍራ የታወጀው በ1963፣ ቦትስዋና ነጻ ከመውጣቷ ሦስት ዓመት በፊት ነው። የከለሉትም ባታዋናዎች ራሳቸው ናቸው። በወቅቱ በእንደራሴነት ይመሯቸው የነበሩት ወይዘሮ ፑላኔ ሞሬሚ ሲሆኑ፣ በሕዝቡ የአደን መሬት ያለው አውሬ በአዳኞች ብዛት እየመነመነ መምጣቱ ስላሳሰባቸው ከገዛ ርስታቸው ላይ ቆርሰው ሰጡ። ዛሬ ጎብኚ በሞሬሚ የሚከፍልበት እያንዳንዱ ቀን ከዚያ ውሳኔ የተገኘ ነው። በ2014 የኦካቫንጎ ረግረግ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ 1,000ኛው ሆኖ ሲሰፍር ሞሬሚም አብሮ ገባ።

ወደ ሥራው እንግባ። የሳፋሪ ባለቤት ዓመቱን የሚቆጥረው በውሃ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው አንጎላ ደጋ ላይ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ገደማ ነው። ውሃው በኩባንጎና በኩዊቶ ወንዞች ወርዶ ቦትስዋና ይገባል፤ ረግረጉ በ250 ኪሎ ሜትር ርቀት ዝቅ የሚለው 60 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ማውን ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። ታማላካኔ ወንዝ ላይ ብቅ የሚለው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ በአካባቢው ጠብታ ዝናብ በሌለበት ወቅት ነው። ዙሪያው ደርቆ ሳለ ረግረጉ ስለሚሞላ አውሬው ሁሉ ወደ ውሃው ይሰበሰባል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የተወደደውም ለዚህ ነው። ውሃው ግን ቃል አይገባም። በ2019 የመጣው ጎርፍ እጅግ አነስተኛ ነበር፤ በሞኮሮ እንወስዳችኋለን ብለው ከዓመት በፊት የሸጡ ድርጅቶች እንግዳቸውን በመኪና ወይም በእግር ለማዞር ተገደዱ። በቀጣዩ ዓመት ውሃው ሞልቶ መጣ፤ ያኔ ደግሞ እንግዳ ጠፋ።

የገንዘቡ አካሄድ ለብዙ ጀማሪ ወጥመድ ነው። ጉዞው የሚሸጠው ከስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ገዢው በቀጥታ ካልመጣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ያለ ወኪል ያመጣዋል፤ ወኪሉ ከዋጋው ላይ 20 ከመቶ፣ ሲብስም ከዚያ በላይ ይቆርጣል። እንግዳው ቀብድ ይከፍላል፣ ቀሪውን ብዙውን ጊዜ ጉዞው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ያጠናቅቃል። ዋጋው በዶላር ተቆርጧል፤ ደሞዝና ነዳጅ የሚከፈለው በፑላ ነው፤ ድንኳንና የመኪና መለዋወጫ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከደቡብ አፍሪካ፣ በራንድ ነው። ምንዛሪው በመሃል ቢዘዋወር ኪሳራው የባለቤቱ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ቀብዱ ነው። ባንክ ውስጥ ተኝቶ ሲታይ ትርፍ ይመስላል፤ ገና ያልተሠራ ሥራ ዋጋ እንደሆነ ይረሳል። የሐምሌን ቀብድ ለጥር ጎማ ያዋለ ሰው ሐምሌ ሲደርስ የካምፕ ክፍያ የሚከፍልበት ያጣል።

የዋጋ አወጣጡም ቢሆን ስሌት ይጠይቃል። አስጎብኚው፣ አብሳዩና ረዳቱ፣ የሁለቱ መኪና ነዳጅ፣ የመድን ክፍያው፣ እነዚህ ሁሉ ሁለት እንግዳ ቢመጣም ስድስት ቢመጣም ያው ናቸው። ከእንግዳው ቁጥር ጋር የሚያድገው ምግብ፣ የፓርክ መግቢያና በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው የካምፕ ሂሳብ ነው። ቋሚው ወጪ ለምሳሌ 6,000 ዶላር ቢሆን ለሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3,000 ይደርሳል፤ ለስድስት ሲካፈል ግን 1,000 ብቻ። ስለዚህ መኪናው ላይ ያለው አምስተኛና ስድስተኛ ወንበር የንግዱ እስትንፋስ ነው። ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ የሚያዋጣ የሚመስለው ሂሳቡን ጽፎ ላላየ ሰው ብቻ ነው።

የካምፕ ቦታው በሌላ በኩል ያስጨንቃል። በሞሬሚና በቾቤ ውስጥ ያሉት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አስቀድሞ ያላስያዘ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ከጉዞው ሌሊቶች አንዷ ብትጎድል ጉዞው በሙሉ ተበጥሶ እንደገና መገጣጠም አለበት። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ጥርና የካቲትን የሚያሳልፉት በኢሜይልና በስልክ ሌሊቶችን ሲያያይዙ ነው።

ካምፕ በሚቀየርበት ቀን ሥራው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎህ ሲቀድ ረዳቱ ፍሙን ይቀሰቅሳል፤ አብሳዩ ማታ ያቦካውን ሊጥ በብረት ድስት ከትቶ ከሥርም ከክዳኑም ላይ ፍም ያደርግበታል። እንግዶቹ ቡናቸውን ጠጥተው ከአስጎብኚው ጋር በላይ በኩል ክፍት በሆነው መኪና ይወጣሉ። ያን ጊዜ ካምፑ ይፈርሳል፤ ፍራሽ ይጠቀለላል፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ይደፈናል፣ አመዱ ይቀበራል፣ ወረቀት ሳትቀር ቆሻሻው ተለቅሞ ይጫናል። የጭነቱ መኪና በአጭሩ መንገድ ቀድሞ መድረስ አለበት፤ እንግዶቹ አውሬ እያዩ ከሰዓት ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ውሃው ሞቆ መገኘት ስላለበት ነው።

መንገዱ ለመኪና ምሕረት የለውም። ወደ ሳቩቲ ከመግባት በፊት ያለውን ጥልቅ አሸዋ ለማለፍ ጎማ ይተነፍሳል፣ ደረቅ መሬት ሲገኝ እንደገና ይነፋል። ማባቤ ላይ ያለው አፈር የእኛ መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው መኪናውን እስከ ሻንሲው ይውጣል። ረጅም ሣር ባለበት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የሣሩ ዘር ራዲያተሩን እየደፈነ ሞተሩን ያግለዋል፤ ደረቁ ሣር ከሆድ ሥር ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠቅጥቆ ሲቆይ እሳት ይነሳል። ለዚህ ነው ጥሩ ሹፌር ከራዲያተሩ ፊት መረብ የሚያስረውና በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ሣሩን በሽቦ እየሳበ የሚያወጣው። እንግዳው ወፍ ለማየት የቆሙ ይመስለዋል። ሲመለሱ ደግሞ የተረፈ ጥሬ ሥጋ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ ጎሽ የአፍተግር በሽታ ተሸካሚ በመሆኑ አገሪቱ ወደ አውሮፓ የምትልከውን የከብት ሥጋ ለመጠበቅ አጥር ዘርግታለች፣ ኬላው ላይ ያሉት ሰዎችም ማቀዝቀዣውን ከፍተው ይፈትሻሉ።

የዚህ ንግድ ትልቁ ሀብት አስጎብኚው ነው። ፈተና አልፎ ፈቃድ ያላወጣ ሰው እንግዳ ይዞ መውጣት አይፈቀድለትም። ጥሩው አስጎብኚ አንበሳውን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፤ ጅግራ በአንድ አቅጣጫ ስትንጫጫ፣ ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ሆኖ ወደ አንድ ቦታ ሲጮህ፣ ኢምፓላዎች ሁሉ ጆሯቸውን ወደ አንድ ቁጥቋጦ ሲያቀኑ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል። ማታ ደግሞ በአጥር ባልተከለለው ካምፕ ጅብ ድስት ሊልስ፣ ዝሆን በድንኳኖቹ መሃል ሊያልፍ እንደሚችል አስረድቶ፣ እንግዳው ዚፑን ዘግቶ እንዲተኛ የሚያደርገው ቃሉ ነው። ቦትስዋና ውስጥ 130,000 የሚያህል ዝሆን አለ፤ ጥንቃቄው ከወሬ የመጣ አይደለም።

ከረግረጉ ሲደረስ ሥራው ለሌላ ሰው ይተላለፋል። ሞኮሮ የዋየይ ሕዝብ ጀልባ ነው፤ ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ ንጋሺ በሚሉት ረጅም ዘንግ ጭቃውን እየገፋ በደንገሉና በውሃ አበባው መሃል ያሾልከዋል። ጣና ላይ ታንኳ ሲሄድ ያየ ሰው እርጋታውን ወዲያው ያውቀዋል። ጥንት ከትልልቅ ዛፎች ግንድ ይጠረብ ነበር፤ ዛፉ ስለሳሳ ዛሬ አብዛኛው ከፋይበርግላስ ይሠራል። ከማውን በስተሰሜን ባለው ረግረግ ቀዛፊዎቹ በኦካቫንጎ ኮፓኖ ሞኮሮ የማኅበረሰብ ትረስት ሥር የተደራጁ የመንደር ሰዎች ናቸው፤ ሳፋሪው ወደ እነሱ አካባቢ ሲገባ ክፍያው ወደ መንደሩ ይገባል። ጥሩ አስጎብኚ ሰዎቹን በስማቸው ያውቃል፣ ክፍያቸውንም አያዘገይም፤ የትኛው ደሴት ላይ ጎሽ እንዳደረ የሚነግሩት እነሱ ናቸውና።

በመጋቢት 2020 ድንበር ሲዘጋ ይህ ሁሉ ባንዴ ቆመ። ሎጅ ያላቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ወራት የሚያሻግራቸው ካፒታል ነበራቸው። ትንንሾቹ መኪና ሸጡ፣ አስጎብኚዎች ወደ መንደራቸው ተመልሰው ከብት ጠበቁ፣ ቀብድ የከፈሉ እንግዶች ገንዘባቸውን ጠየቁ። የተረፉት ድርጅቶች በሁለት ነገር ተረፉ፤ ቀብዱን ሳይነኩ ያስቀመጡ ነበሩ፣ ከእንግዶቻቸውም ጋር ጉዞውን ወደ ሌላ ዓመት ለማዛወር የሚያስችል መተማመን ነበራቸው።

ንግዱ እንደገና ሲቃና የመጣው ጥያቄ ሁለተኛ መኪና መግዛት ነው። ወኪሉ ብዙ ቡድን ልላክልህ ይላል፣ ባንኩም ያበድራል። ነገር ግን ሁለተኛው መኪና ሁለተኛ አስጎብኚ፣ ሁለተኛ አብሳይ፣ ሁለተኛ የድንኳን ስብስብ ይጠይቃል፤ የብድሩ ክፍያ ደግሞ እንግዳ በሌለበት በየካቲትም ይመጣል። አዲስ የተቀጠረው አስጎብኚ አንበሳውን በጆሮው መፈለግ ካልቻለ፣ ከባለቤቱ ጋር ሄደው ለወዳጆቻቸው የመሰከሩ እንግዶች የላኩት ሰው ሌላ ጉዞ ያገኛል። ከማውን ጠንካራ ድርጅቶች አንዳንዶቹ አንድ መኪና ይዘው፣ ባለቤቱ ራሱ እየነዳ፣ በዓመት የሚወስዱትን እንግዳ ቁጥር ወስነው የሚኖሩት ይህን አስልተው ነው። ከአቅም በላይ የመጣ እንግዳ ካለ ለጎረቤት ያስተላልፉታል፤ ጎረቤቱም በተራው ለእነሱ ይልካል።