ገበያና ምርቃት

በአገራችን የገበያ ቀን ሸቀጥ የሚለዋወጡበት ቀን ብቻ ሆኖ አያውቅም። የገጠሩ ሰው የሩቅ ዘመዱን ደኅንነት የሚጠይቀው፥ የለቅሶና የሠርግ ወሬ የሚሰማው፥ ዕዳውን የሚከፍለውና ቀጠሮ የሚይዘው በዚሁ ቀን ነው። ዕለቱ የታወቀና የማይለወጥ በመሆኑም ብዙ ስፍራዎች ቅዳሜ ገበያ፥ ሰኞ ገበያ እየተባሉ ይጠራሉ። ከመደብር መግዛትን የለመደ የከተማ ቤተ ሰብ አልፎ አልፎ ልጆቹን ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ገበያ ቢወጣ፥ ከእህሉ ጋር ደስታና ትምህርት ሸምቶ ይመለሳል።

ለምሳሌ ያህል የባቲን የሰኞ ገበያ እንመልከት። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቈላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ፥ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟም ከትዝታ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ መጠሪያ ሆኗል። የገበያዋ ታላቅነት የመጣው ከአቀማመጧ ነው፤ በደጋው ያለው በቈላው የለም፥ የቈላውም ሀብት በደጋው አይገኝምና። አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ፥ ጨው ጭነው ይወጣሉ፤ ከደጋው ደግሞ ጤፍ፥ ባቄላና ማር ይወርዳል። አማራው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ክርስቲያኑና እስላሙ ሥጋን ከየራሱ አራጅ ቢገዛም፥ በእህሉና በጨው ተራ ግን ጐን ለጐን ይቆማል።

ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው እጅግ ማልዶ መድረስ አያስፈልገውም። ብዙው ሻጭ ሩቅ መንገድ በእግሩ ተጕዞ የሚመጣ ስለ ሆነ ገበያው የሚደራው ረፋዱ ላይ ነው። እንደ ደረሱም ለመግዛት ከመቸኰል ይልቅ አስቀድሞ ተራ በተራ መዞር መልካም ነው፤ የእህል ተራ፥ የቅቤ ተራ፥ የሸክላ ተራ፥ የከብት ተራ እያንዳንዱ የራሱ መልክና ጠረን አለው። ለልጆችም ነጩን ጤፍ ከሰርገኛው፥ ኑጉን ከሱፉ እንዲለዩ ማሳየት ይገባል። በየቀኑ እንጀራ እየበላ ጤፍን በእህልነቱ አይቶት የማያውቅ ልጅ በዛሬው ከተማ ብዙ ነውና። ግርግር ለሌባ ይመቻልና ቦርሳን መጠበቅ አይዘንጋ።

ዕቃን መርምሮ መግዛት የባለሞያ እመቤት ወግ ነው። ጤፉን በመዳፏ ላይ አድርጋ እፍ ብትለው ገለባው ይታወቃል፤ በጾም ወራት ቅቤ ስትገዛም መቅመስ ስለማትችል በጠረኑና በመልኩ ትለየዋለች። በቁና ወይም በጣሳ ሲሰፈርም መስፈሪያው ተቈልሎ ነው ወይስ እስከ አፉ ብቻ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል።

ከገበያ ወጎች ሁሉ እጅግ የሚያምረው ግን ምርቃት ነው። ዋጋው ተቈርጦ እህሉ ከተሰፈረ በኋላ ገዢዋ «መርቂልኝ እንጂ» ትላለች፤ ሻጯም አንድ እፍኝ ትጨምርላታለች። ቋንቋችን ይህን ጭማሪና ሽማግሌ በልጅ ራስ ላይ እጁን ጭኖ የሚሰጠውን ቡራኬ በአንድ ቃል መጥራቱ አስደናቂ ነው። ሁለቱም ያለ ግዴታ፥ ከልብ የሚሰጡ ናቸውና። ገዢዋም በበኩሏ «ይቅናሽ» ብላ ስትመርቃት ምርቃቱ ከሁለቱም ወገን ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህን መልካም ወግ የሚያፈርስ አንድ ልማድ አለ። ከ9 ሰዓት በኋላ ገበያው መላላት ይጀምራል። ቲማቲም ተሸክማ የመጣች እናት ያልሸጠችውን ይዛ ብትመለስ ይበላሽባታል፤ ለቤቷም ጨውና ሳሙና፥ ለልጆቿም ደብተር ሳትገዛ መግባት አይሆንላትም። መንገዷ ሩቅ፥ ቀኑም የመሸ ነው። ይህን ጭንቀት የሚያውቁ አንዳንድ ገዢዎች ሆን ብለው እስከዚያች ሰዓት ይጠብቁና የሚከፍሉት እያላቸው በግማሽ ዋጋ ይወስዱባታል፤ ቤታቸውም ገብተው ይህን እንደ ብልኀት ያወራሉ።

በኦሪት ስለ ቀና ሚዛንና መስፈሪያ የተሰጠውን ትእዛዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ሻጩን ብቻ የሚመለከት ይመስለናል። በእውነቱ የሰውን ችግር መዝኖ ዋጋ የሚቀንስ ገዢም ሐሰተኛ ሚዛን ይዟል።

ይህ ማለት አትከራከሩ ማለት አይደለም። ክርክር የገበያ ጨዋታ ነው፤ ሻጩም አስቦበት ከፍ አድርጎ ይጠራል። ግን ወሰን አለው። ከሦስት ከአራት ሻጭ ጠይቆ የዕለቱን ዋጋ ማወቅ፥ ከዚያ ብዙ ያልራቀ ዋጋ መስጠት፥ ከተስማሙ በኋላም ቃልን አለማጠፍ ይገባል። በመሸ ጊዜ የተረፈ መደብ ያገኘ ሰውም በረፋዱ ዋጋ ወይም ለዚያ በቀረበ ቢያነሣው፥ ምጽዋት ሰጠ አይባልም፤ የሠራ ሰውን ዋጋ ከፈለ እንጂ።

ልጆቻችን በገበያ ውለው የሚያስታውሱት የግመሉን ቁመት ብቻ አይደለም፤ አባታቸው እንዴት እንደ ተከራከረ፥ እናታቸውም ለሻጯ ምን ብላ እንደ ተለየቻት ያስታውሳሉ። ስለዚህ ወደ ገበያ ስንወጣ ዘንቢላችንን ብቻ ሳይሆን ምርቃታችንንም ይዘን እንውጣ።